አርባ ጊጋ የበላው ፎልደር

ተጠራጣሪ አይደለሁም እላለሁ፤ ባሌ ግን ይህን ስል ይስቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ፣ ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ዓይኔን ከእጁ አልነቅልም። ቤቱን የምንሠራው ከባሌ ታናሽ እህት ጋር ነው፤ ጠዋት እሷ፣ ከምሳ በኋላ እኔ።

የሠርግ ሰሞን ሲደርስ ኮምፒውተሩ ሞላሁ አለ። የሙሽሮች ቪዲዮ ልገለብጥ ስል «በቂ ቦታ የለም» ይለኛል። ያረጀውን ሁሉ ለቃቅሜ አጠፋሁ፤ ትንሽ ቦታ ተገኘ። በማግስቱ ስመጣ እሱም የለም! ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ደመርኳቸው። እኔ የደመርኩትና ዲስኩ ሞላብኝ የሚለው አይገናኝም፤ አርባ ጊጋ የት እንደገባ አይታወቅም። ኧረ በማርያም! ኮምፒውተር ያለ ቀላቢ አይወፍርም።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ያለችኝ ትዝ አለኝ። «ጠዋት ጠዋት በራችሁ ገርበብ ይላል፤ ሥራ ጠፋ እንዴ?» ብላኝ ነበር። ባለጉዳይ ሁሉ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ በሚሰለፍበት ሰዓት በር ለምን ይገረበባል?

ሌላ ሰው ቢሆን ፊት ለፊት ይጠይቅ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ዘመድ እንዲያ አይጠየቅም፤ ነገር ይወረወርለታል እንጂ። ምሳ ሰዓት ስንለዋወጥ፣ ወደ ግድግዳው እያየሁ፣ «የዘንድሮ አይጥ ጎተራ አልበቃው ብሎ ኮምፒውተርም መብላት ለምዷል» አልኩ። ፊቷ ልውጥ አለ።

«እትዬ፣ አይጥ ካለ ድመት አምጪ» ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አልካደችም! በቃ፣ አንድ ነገር አለ አልኩ።

ወዲያው ተቀመጥኩና የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምልክት ነካሁ። አንድ ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ። ውስጡ የድምፅ ፋይል ብቻ ነው፦ «ሚካኤል»፣ «ማርያም»፣ «ጊዮርጊስ»፣ «ተክልዬ»፣ እንደገና «ሚካኤል ሁለት»። መዝሙር! እኔ በሌለሁበት በሩን ገርበብ አድርጋ በሰው ስልክ መዝሙር እየጫነች ትሸጣለች። ደሜ ፈላ። ከፍቼ ልስማው እንኳ አላልኩም፤ መዝሙር እንደሆነ የትም ይገኛል። ጭራሽ እንዳይመለስ አድርጌ አጠፋሁት። የዲስኩን መሙላት የሚያሳየው ቀይ መስመር ሰማያዊ ሆነ፤ እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። እስክዘጋ ድረስ የሦስት ሠርግ ቪዲዮ ገለበጥኩበት።

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ጠዋት ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ፣ በእኔ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የኔታ ናቸው፤ ከመርጡለ ማርያም በኩል መጥተው ሰፈራችን ልጃቸው ቤት የሚኖሩ የቅኔ መምህር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ፊት ለፊታቸው ማይክሮፎን ተቀምጧል። የባሌ እህት እጇን አፏ ላይ ጭና ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች።

«እትዬ፣ አንድ ፎልደር ነበር...»

ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። የኔታ ከመምህሮቻቸው በቃል የያዙትን፣ የትም ያልተጻፈ ቅኔ፣ ሳይሞቱ ጻፊልኝ ብለዋት ኖሯል። ድምፃቸውን እየቀዳች በቀኑ ታቦት ስም ታስቀምጣለች፤ ከዚያ እየሰማች ትጽፋለች። በሩ የሚገረበበው የባጃጅ ጡሩምባ እንዳይገባ ነው። ፎልደሩን የደበቀችው ደንበኛ እንዳይነካባት፣ ለእኔ ያልነገረችኝ ደግሞ አንድ ጊዜ «የነፃ ሥራ እዚህ ቤት አይገባም» ስላልኳት ነው። ብያለሁ። የጻፈችው ገና ሩቡን ነው።

ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወደ ጠጋኙ ሮጥኩ። «ከጠፋ በኋላ ሌላ ነገር ጭነሽበታል?» አለኝ። «ሠርግ» አልኩ። ሲሞክር አረፈደ፤ በመጨረሻ «ሠርጉ ተደርቦበታል፤ አይመለስም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ስመለስ የኔታ እዚያው ተቀምጠው ጠበቁኝ። የባሌ እህት ነገሩ ቢገባትም «ማሽኑ ነው የበላው» ብላቸዋለች፤ እኔን አላነሳችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እኔ ነኝ የኔታ! ሳልሰማ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ተነሺ ልጄ» አሉ። «ምን ቸገረን፣ እንደገና ነዋ!»

ኮምፒውተሩን ሰካነው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ቆሙ። ሌላ ቅኔ ያዙ፤ እሱም ከመንገድ ቀረ። ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረገ ቃሉን ሲፈልግ አየሁ።

«ይገርማል» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙረው። «እዚህ ተቀምጧል ብዬ እኔኮ ትቼው ነበር።»