በጎማው ሥር ያየሁት

ከገለጉ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር በሰሊጥ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በረንዳዬ ላይ አጋድሞ፣ ጋሽ ደምለው ማረፋቸውንና ይህም ለእኔ እንዲደርስ አደራ ማለታቸውን ነገረኝ። ጆንያውን ስፈታው የሰሊጥ አቧራና የከረመ ቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን መታኝ፤ ከውስጡም ከዋንዛ የተጠረበ፣ እንደ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ የተዘረጋ እንጨት ወጣ። «እትዬ፣ የምን እንጨት ነው?» አለኝ። መልሱ አርባ ዓመት ለማንም ያልነገርሁት ስለሆነ ጆንያውን አጣጥፌ መለስሁለት፤ እሱም የጉምሩክ ወረፋ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ የምንኖረውም ከሱዳን ድንበር አጠገብ ኮኪት ነበር። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርስ ኮስታራ ሰው ሲሆን፣ ጋሽ ደምለው ደግሞ ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወጣትነታቸውን ሱዳን ገዳሪፍ በትራክተር ሥር ተጋድመው የጨረሱ፣ ብሎን ሲጠብቅም ሲላላም በዓረብኛ «ተማም!»፣ ደህና ነው፣ የሚሉ መካኒክ ነበሩ። ከሱዳን ይዘውት የመጡት ሀብት ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ ነው፤ ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ከእንጨትና ከጨርቅ በተሠራ ክንፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከአሸዋው ከፍ ሲል፣ ወንድሙ ጎኑ ቆሞ ያየዋል። እኔ የተኛውን ሳደንቅ እሳቸው ግን ጣታቸውን በቆመው ላይ አድርገው፣ «ይኸ ባይኖር ያንን ማን ያምነው ነበር፣ ልጄ?» ይሉኝ ነበር።

እሳቸውም የራሳቸውን መብረሪያ ሠሩ። አጥንቱ ሽመል፣ ቆዳው የሰሊጥ መውቂያ ሸራ፣ ሞተሩ ከውሃ መሳቢያ የተፈታ፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ማራገቢያ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ጎማው የብስክሌት ነበር። እኔ ማሽላችንን ከወፍ እንድጠብቅ እየተላክሁ እሳቸው ዘንድ ስለምውል፣ በዚያ ዓመት የእኛን ማሽላ ያህል ለወፍ የተመቸ ማሽላ በቆላው ሁሉ አልነበረም። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ሁልጊዜ ኮፍያቸውን ያወልቁና፣ ለመብረር ሲሞክሩ ወድቀው ለቀሩት ሁሉ እኔንም ጭምር አቁመው ጸጥ ያሰኙኛል፤ የብዙዎቹን ስም ስለማያውቁ «እናንተ የቀደማችሁን» ብቻ ይሏቸዋል፣ እኔ ግን ቸኩዬ በአንድ ዓይኔ ሞተሩን አጮልቄ አያለሁ። ከዚያ ሥራዬ መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንጬን አፈር አስነክቼ፣ በጎማውና በመሬቱ መካከል ብርሃን መታየት አለመታየቱን መመልከት ነበር። ብዙ ቀን ያየሁት አቧራ ብቻ ነው።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ጋሽ ደምለው ሙከራቸውን ለጊዜው አቆሙ። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የሚቆመውን ክምር ሂላ እንለዋለን፤ ሲደርቅ ፍሬው አፉን ስለሚከፍት ትንሽ ንፋስ እንኳ ያረግፈዋል። አንድ ጊዜ ከተራገፈ በኋላም ለሁለተኛ ጊዜ እንዲራገፍ መልሰው ስለሚያቆሙት፣ ሙሉው ሂላና የተራገፈው ሂላ ከሩቅ አይለዩም። አንድ ጠዋት ከሱዳን በኩል ደህና ንፋስ ሲነሳ ጋሽ ደምለው የሚንደረደሩበትን መንገድ ዳር ዳር ይዞ የቆመውን የአባቴን ሂላ እያዩ፣ «ተራግፏል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ሲነሱ ማየት ስለፈለግሁ ብቻ፣ «አዎ፣ ጋሼ» አልሁ።

ኮፍያ ወለቀ፣ ጸጥ አልን፣ ሞተሩ ጮኸ። በሆዴ ተኝቼ ሳይ ሽመሉ እየተንቋቋ መጣ፤ መጣና ሁለቱም ጎማ ከመሬት ለቀቀ፣ በሥሩም ብርሃን ገባ፣ በብርሃኑ ውስጥ ከማዶ ቆማ የምትግጠው የአህያችን አራት እግር ታየኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል ግን የማራገቢያው ንፋስ ክምሩን እየነቀነቀ የአባቴን ሰሊጥ እንደ ዝናብ መሬቱ ስንጥቅ ውስጥ እያፈሰሰው ነበር።

ሽማግሎች ነገሩን ሊዳኙ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባቴ፣ «የዓመት ልፋቴን በትኖ ደግሞ በረርሁ ይላል!» እያለ ይጮሃል። ጋሽ ደምለው ሂላው ተራግፏል ያልኋቸው እኔ መሆኔን በአፋቸው አላነሱም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሸራውን ሽመሉን ውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ፣ ልጅቱ አይታለች፤ ተነስቼ እንደሁ ትንገራችሁ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴን አየሁና፣ «አላየሁም፤ ወፍ ስጠብቅ ነበር» አልሁ። ጋሽ ደምለው «ኸላስ፣ በቃ» አሉና ኮፍያቸውን አጠለቁ።

ከዚያ ወዲያ ትራክተር ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ዛሬስ አልበረሩም?» እያለ ሲስቅባቸው ከረመ፤ በመጨረሻ እሳቸው ገለጉ ገብተው ቀሩ። ሽመሉ የዶሮ ቤታችን ሆነ፤ በክንፋቸው ሸራ ላይም ብዙ ዓመት ሰሊጥ አራገፍን። አባቴ ሞተ፣ ሽማግሎቹም አንድ በአንድ አለቁ፣ እኔም መተማ ዮሐንስ ገብቼ ብቻዬን አረጀሁ። መንገዱ ክፉ ነው እያልሁ አንድ ቀን እንኳ ገለጉ አልሄድሁም፤ ሰው ግን በእግሩም ይሄድ ነበር፣ እውነቱ ፈርቼ ነው።

ዛሬ ያን የዋንዛ ማራገቢያ ጭኔ ላይ አጋድሜ ስዳብሰው መሃሉ ላይ በስፒል የተመታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ያው ገጽ ነው፤ የተኛው እንደ ተኛ፣ የቆመውም እንደ ቆመ አለ። የመኪናው ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል፣ ግቢው ውስጥም ማንም የለም። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ ጸጥ አልሁ፤ ከዚያ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ተነስተዋል። ሁለቱም ጎማ። በሥሩ የአህያችንን አራት እግር አይቻለሁ።