ፀሐይ የመታው ቅጠል

ያረጋል ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ድንበር ላይ ወዳለችው ኮኪት ሲመላለስ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ፣ አየሁሽ፣ ደግሞ በእርሻው ካምፕ የሳሉጎቹ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ሳሉግ የምንለው እንደሱ ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እሱም ከሰው አይገጥምም። ሌሎቹ ሲሳሳቁ ሳህኑን ይዞ እኔ ዳስ ይመጣል፤ ሁለታችንም ዝም ብለን እንበላለን። ከማይለፈልፍ ሰው ጋር መብላት እንዴት ደስ ይላል!

አምና ጥቅምት ላይ አንድ ፌስታል ደረቅ ቅጠል አሳየኝ። ከድንበር ማዶ የመጣ ነው፣ ሲያጨሱት የወገብ ሕመም ያስረሳል አለኝ። "ግን ሻጩ የተረጨ ነው ብሎኛል፣ እቴቴ።"

"ታዲያ ምን ቸገረህ? ፀረ-ተባይ የነካው ሰሊጥ ፀሐይ ሲመታው ይበላ የለ?" አልሁት። ኧረ ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። እሱ ማሳ ሲውል እንደ በርበሬ የማገላብጥለት እኔ ነበርሁ። የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ የሚያጨስ ካገኘ ያባርራል። ስለዚህ ያረጋል እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ፤ ማልሁ።

ማጨስ በጀመረ በሳምንቱ ረፋድ ላይ አጨዳ መሀል ወደቀ። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ጓደኞቹ "ወባ ነው" አሉ፤ እዚህ አገር የወደቀ ሁሉ ወባ ነው! ካቦው በትራክተር ጤና ጣቢያ አደረሰን። ሲስተር ሃይሚ ደሙን መርምራ መጣች።

"ወባ የለበትም። ምን ወስዷል? ካልነገራችሁኝ እጄ ላይ ይሞታል።"

ካቦው አጠገቤ ቆሟል። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍሁት፣ ማስጣታችንንም ጭምር።

"እትዬ፣ የተረጨው ለተባይ አይደለምኮ" አለች ሲስተር፣ መርፌውን እያዘጋጀች። "ሐሺሽን እንዲተካ ሰው የሠራው ኬሚካል ነው፤ የሚያሰክረውም እሱው ነው። ፀሐይ መች ያጠፋዋል? አንዱ ቅጠል ላይ ጥቂት ይሆናል፣ ሌላው ላይ የሚገድል ያህል።"

ወይ እኔ! በገዛ እጄ ሳገላብጠው የከረምሁት እሱን ነበር።

ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ዓይኑን ገለጠ። ካቦው አባርሮት ልብሱን ልኮለት ነበርና ያረጋል ማን እንደተናገረ ጠየቀኝ።

"እኔ ነኝ" አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መኪና ላይ ስሸኘውም ዞሮ አላየኝም።

ዘንድሮ ሳሉጎቹ ወረዱ፤ እሱ የለም። ሰው ሲጠይቀኝ "በሕይወት ይኑር እንጂ ይጥላኝ፣ ምን ገዶኝ!" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ባይጠላኝ እወድ ነበር።