ሌባ የናቀው ጫማ

ልደታ አዲስ በተከፈተው የገበያ ሕንፃ ሽንኩርቱም ቀሚሱም በመስታወት ታጥሮ ይሸጣል። ልጄ የወደደችውን ጫማ አንስቼ ሶሉን ሳጥፈው ሻጯ፣ «እናቴ፣ እንዳይሰበር!» አለችኝ። ሲታጠፍ የሚሰበር ጫማ! የማስቲሹ ሽታ ግን ልጅነቴን አመጣብኝ።

ለግንቦት ልደታ እናቴ ጌጃ ሰፈር ጋሽ ሰይድ ዘንድ ጫማ አሰፋችልኝ፤ ከባድ፣ አስቀያሚ፣ ባለ ጎማ ሶል። እኔ የፈለግኩት እንደ ጎረቤታችን ልጅ ጫማ የሚያብለጨልጭ ነበር።

«እሱማ ዝናብ ሲነካው አፉን ከፍቶ ይስቅብሻል» አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን ደጃፉ ላይ አወለቅን። የእኔን ሆን ብዬ ዳር አስቀመጥኩና ሌባ እንዲወስድልኝ እመቤቴን ለመንኳት። ስንወጣ የተሰረቀው የጎረቤታችን ልጅ ጫማ ነበር። የእኔን ሌባው እንኳ ንቆታል።

እናቴ ደጁን ተሳልማ፣ «አየሽ፣ እመቤቴ ጠበቀችልሽ! ተመስገን በይ» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኩ፣ እንባዬን እየዋጥኩ። የደስታ እንባ መስሏት አቀፈችኝ።

እናቴ ያን ቀን ምን እንደለመንኩ ሳታውቅ አረፈች። አሁን ልጄ ጫማውን ካልገዛሽልኝ ብላ አኩርፋለች። ይህን ታሪክ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።