ቲሸርት የለበሰችው ውሻ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና በዐቢይ ጾም ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን እስከ ዛሬ የጋሪ ፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ ዞር እላለሁ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከውሻዋ መጀመር አለብኝ።

ያደግኩት ቡልቡላ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። አዳማ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። በጣም ዓይን አፋር ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። የሚወርድ ሰው ከጠፋ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ።

የፋብሪካ ሰርቪስ የምጠብቅበት ቦታ አጠገብ እትዬ ገነት የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። የታመሙና መኪና የገጫቸውን ውሾች ከመንገድ እያነሡ ግቢያቸው ያስታምማሉ። ጠዋት ጠዋት ለውሾቻቸው ዳቦ ስለምጥል ያውቁኛል። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ማዳበሪያ ላይ አንዲት ውሻ ተኝታለች። ጠጉር የሚባል የላትም። ቆዳዋ የአብያታ ሐይቅ ሲሸሽ ጥሎት እንደሚሄደው መሬት ነጣ ብሎ ተሰነጣጥቋል። ከየስንጥቁ ደም ይወጣል። ዓይኗ ብቻ ጤነኛ ነው።

«እከክ ነው» አሉኝ። «ይጋባል፣ ከሌሎቹ ጋር ላስቀምጣት አልችልም። ለአንድ ወር አስታሚልኝ። ሰጠሁሽ አይደለም፣ አደራ ነው። ሲሻላት ቤት እፈልግላታለሁ።»

እምቢ ለማለትም ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የለኝም። እሺ አልኩ።

ከራሴ በላይ የፈራሁት አከራዬን እማማ ጥሩነሽን ነበር። ውሻዋን እንዳዩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ይቺ ውሻ ናት ወይስ የተገፈፈ በግ?» አሉ። አብራኝ ፋብሪካ የምትሠራው ጎረቤቴ ጫልቱ ከክፍሏ ብቅ ብላ «ያ ዋቃ! መላጣ!» ብላ በሳቅ ወደቀች። የውሻዋ ስም በዚያው መላጣ ሆኖ ቀረ።

እማማ ጥሩነሽ ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ የዶሮ ቤት ፈቀዱልኝ። «ግን ስሚኝ» አሉ። «ሰፈሩ ሕፃናት ያሉበት ነው፣ ይሄ ደግሞ በሽታ ነው። አንድ ቀን ከግቢዬ ወጥታ ባያት ሻንጣሽን ይዘሽ ትከተያታለሽ።»

የእንስሳት ሐኪሙ በየሳምንቱ አንድ መርፌ ይወጋት ጀመር። በመድኃኒት ሳሙናም አጥባታለሁ። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ለውጥ ሲጠፋ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ሰፈራችን ያለ ጋራዥ የሚሠራ ሰውዬ «የተቃጠለ ዘይት ቀቢያት፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለም» አለኝ። እኛ አገርም የውሻ እከክ ላይ የመኪና ዘይት ሲቀባ እያየሁ ነው ያደግኩት። በጣሳ ሰጠኝ፤ ከራስ እስከ ጅራቷ ቀባኋት።

የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ቆዳዋ ቀልቶ ተላጠ። ዘይቱን ልሳው ኖሮ ስታስመልስ ዋለች፣ መቆም አቃታት። ለእትዬ ገነት መናገር አፍሬ በማዳበሪያ አቅፌ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ሐኪሙ አየና «ይቺ ሞተር ናት እንዴ?» አለኝ። ማልቀስ ስጀምር እጅጌውን ሰብስቦ አብሮኝ አጠባት። ከዚያ «ቁስሏን እንዳትልስ፣ ፀሐይም እንዳያገኘው ሸፍኚላት» ብሎ አሰናበተኝ።

መሸፈን ደግሞ ሙያዬ ነው። አሮጌ ሰማያዊ ቲሸርቴን ቀድጄ በእጅ መርፌ ሰፋሁላት። የፊት እግሮቿ በእጅጌው ይገባሉ። ሆዷ ሥር የሚቆለፍበት ሁለት ቁልፍ አደረግኩ፤ ሌላ ስላጣሁ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ ነበር። ለብሳ ስትወጣ ግቢው ሁሉ ሳቀ። እማማ ጥሩነሽ እንኳን «እኔ ለፋሲካ ልብስ አልገዛሁም፤ ይቺ ቀደመችኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተረፈ ምግብ በሳህን አድርገው የዶሮ ቤቱ በር ላይ ያስቀምጡላት ጀመር። እኔ ሳያቸው ግን የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ መስለው ዞር ይላሉ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ከሥራ ስመለስ በዚያ ቀን ተረኛ ያልነበረችው ጫልቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። አልሳቀችም።

«መላጣ የለችም» አለችኝ። «የታሰረችበትን ገመድ በልታዋለች። የግቢው በርም ክፍት ነበር።»

በዚያ ሰሞን ለባዘኑ ውሾች በመርዝ የተለወሰ ሥጋ የሚጥል ሰው አለ ይባል ነበር። በዚያው ሳምንት መንገድ ዳር የሞቱ ሁለት ውሾች በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ክፍሌ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ይበልጥ የከበደኝ ግን አደራው ነበር። እትዬ ገነት ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?

ጫልቱ በአንድ በኩል ሄደች፣ እኔ በሌላ። መንገደኛ መጠየቅ ነበረብኝ። «ቲሸርት የለበሰች ውሻ አይታችኋል?» የሚለውን በልቤ እየደጋገምኩ እሄዳለሁ። ሰው ፊት ስደርስ ግን አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ፊት ብዙ ከቆምኩ በኋላ «ምን ልስጥሽ?» ስትለኝ ቆሎ ገዝቼ ሄድኩ። ቆሎውን እንደጨበጥኩ ሁለት ሰዓት ያህል ሰው ሳልጠይቅ ዞርኩ። ያን ቀን በራሴ እንደተናደድኩ ተናድጄ አላውቅም።

አትክልት የሚሸጥበት ገበያ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጋሪያቸው ላይ ቆመው ይጣራሉ።

«ይችን ያለበሰ ማነው? ባለቤቷ የት ነው?»

ከእግራቸው ሥር፣ ጋሪው ላይ መላጣ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ቲሸርቷ አቧራ ሆኗል።

«አባባ፣ ከኔ በላይ ለብሳለች፤ እኔንም ይጫኑኝ!» አለ አንድ ወጣት።

«ኧረ በሽታ ናት፣ ይጣሏት!» አለች ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት። «በሽታዋን ዕቃችን ላይ ልታራግፍ ነው!»

«ልብስ ያላት ሰው አላት» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ሽማግሌው ወዲያ ወዲህ አይተው ልጓሙን ሳብ አደረጉ፤ ሊሄዱ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሰውዬ «እኔ አወርዳታለሁ» ብሎ ድንጋይ ሲያነሣ አየሁ።

«የኔ ናት!»

የማን ድምፅ እንደሆነ እኔም ዞሬ ልፈልግ ነበር። ገበያው ሁሉ አየኝ። መላጣ የኔ እንዳልሆነች፣ አደራ እንደሆነች አውቃለሁ። ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቆሎው ከእጄ ተበትኗል።

ሽማግሌው ከላይ ሆነው አዩኝ። «ምልክት ተናገሪ፣ ኢንተላ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የጠፋ ከብት ፍለጋ የመጣ ሰው ምልክት እንደሚጠየቀው ማለት ነው።

«ሆዷ ሥር ሁለት ቁልፍ አለ» አልኩ። «አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ።»

ያ ቀልደኛ ወጣት ጎንበስ ብሎ አየና «ልክ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሰው አጨበጨበ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ድንጋይ ያነሣው ሰውዬ ድንጋዩን ቀስ ብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠ።

ሽማግሌው፣ አባባ ከድር ይባላሉ፣ ከውሻዋ ጋር ጋሪው ላይ አስቀምጠው ወደ ሰፈር ወሰዱኝ። ያገኟት ፈረሶች ውሃ የሚጠጡበት ቦታ ነው፤ ሰዎች በድንጋይ ሲያባርሯት አስጥለው ጫኗት። ቅዳሜ ለባለጋሪ ትልቅ የሥራ ቀን ነው። እሳቸው ግን ከቀትር ጀምሮ አንድ ዕቃ ሳይጭኑ በየመንደሩ እየተጣሩ ሲዞሩ ውለዋል።

«እኔ እንኳን ውሻ ከነካኝ መታጠብ አለብኝ» አሉኝ። «ግን ይሄን ስፌት ሳየው፣ ይቺን የሚያለቅስላት ሰው አለ አልኩ። አብሽሪ፣ አታልቅሺ።»

እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። ሻንጣዬን እንደማዘጋጅ አውቄ ከጋሪው ወረድኩ። እሳቸው ግን ዓይኔን ማየት ፈሩ።

«በሩን የተውኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ውሃ መጣ ሲሉኝ ወጣሁና ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም።»

ወዲያው ወደ አባባ ከድር ዞረው እጃቸውንና ውሻዋን አዩ። ገብተው ሳሙናና በጆግ ውሃ ይዘው ወጡ። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ እማማ ጥሩነሽ ደግሞ ሲኒ እንኳን ያለቀለቁበትን ውሃ አያፈሱም። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብለው አስታጠቧቸው።

«ይበቃል እናቴ» አሉ አባባ ከድር።

«አይበቃም። የናንተን ሥርዓት አውቃለሁ፣ ሰባት ነው። ገና አራት ነን።»

አባባ ከድር ሳቁ። «አንዱ በአፈር ነው» ብለው ከመሬት አፈር ዘግነው እጃቸውን አሹ። እማማ ጥሩነሽ ሰባት እስኪሞላ ጮክ ብለው እየቆጠሩ አፈሰሱላቸው። እኔ መላጣን አቅፌ ቆሜ ነበር። ያን ያህል ያለቀስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሊሄዱ ሲሉ «ምን ላድርግልዎት?» አልኳቸው። ፈረሳቸውን አዩ። ትከሻው ላይ የጋሪው ማሰሪያ ልጦት ቀይ ቁስል አለ።

«እሷን ካለበስሽ እሱንም አልብሽልኝ» አሉ።

ከቲሸርቴ የተረፈውን ሰማያዊ ጨርቅ በጥጥ ሞልቼ ለማሰሪያው ትራስ ሰፋሁለት። ሳምንቱን ሙሉ በእጄ ነው የሰፋሁት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰፋሁት ልብስ የለም።

መላጣ ከፋሲካ በኋላ ጠጉር ማብቀል ጀመረች፤ መጀመሪያ ጆሮዋ ላይ፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ። ቀይ ውሻ መሆኗን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ለእትዬ ገነት የዘይቱንም የመጥፋቷንም ነገር ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጡኝ፣ ከዚያ ሳሙኝ። ቆቃ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለሙ ባልና ሚስት ወሰዷት። ስሟን ሲጠይቁኝ እጄ በጠጉሯ ውስጥ ተቀብሮ «መላጣ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። እንደዚያው እንጠራታለን አሉ።

የዶሮ ቤቱ ባዶ ነው። እማማ ጥሩነሽ አንዳንዴ የተረፈ ምግብ ይዘው እዚያ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። እኔም ትናፍቀኛለች። ግን የሚበልጥብኝ ምስጋናው ነው። እኚያ ሽማግሌ ሊነኳት የማይፈልጓትን ውሻ ይዘው፣ የማያውቁትን ሰው ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ከተማ የገዛ አደራዬን «አይታችኋል?» ለማለት አፍሬ ነበር።

ዓይን አፋርነቴ አልጠፋም። «ወራጅ አለ» ስል አሁንም ልቤ ይመታል፤ ግን እላለሁ። መንገድ ላይ ኮቴ ሰምቼ ዞር ስል አንዳንድ ቀን ትከሻው ላይ ሰማያዊ ትራስ ያለው ፈረስ ያልፋል። አባባ ከድር ጅራፋቸውን ከፍ ያደርጉልኛል። እኔም ከመንገዱ ማዶ «አባባ፣ ቁስሉ እንዴት ሆነ?» ብዬ እጮሃለሁ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

«ድኗል፣ ኢንተላ!» ይሉኛል። «ልብሱን ግን አላወልቅ ብሏል!»