የማስቲካው ሰውዬ ደህና ነው

ስለ ቤዝቦል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ ኮሎምበስ ውስጥ የለም። ይሄን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ሌላው ስለማያይ ነው። ለሁሉም ኳስ ማለት በእግር የሚመታው ብቻ ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት እንደዛው ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ሕጉ አሁንም በደንብ አልገባኝም። አንዱ ዱላ ይዞ ይቆማል፣ ይስታል፣ ተናዶ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ለማን እንደሚጨበጨብ ሳላውቅ እኔም አጨበጭባለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ፕሮፌሰር ነኝ፤ የኳስ ወርዋሪው ማስቲካ ላይ።

ነገሩ የጀመረው ከስራ ነው። ሂሊያርድ ሰፈር ያለ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ሌሎቹን አይቼ ነው የለመድኩት፤ አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር "ሂድ፣ እሱን ቆመህ እይ" ይሉታል። ሰመር ሲገባ ሱፐርቫይዘራችን ዳውንታውን ላለው የቤዝቦል ስታዲየም ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ትኬት ሰጠን። የከበደኝ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሺፍት አለበት፣ አንዱ ክርስትና ተጠርቷል፣ ሦስተኛው "ቤዝቦል? አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ለብቻዬ ሄድኩና ሁለተኛው ወንበር ላይ ጃኬቴን አስቀመጥኩ። "ሰው አለው?" ሲሉኝ "አለው፣ ሽንት ቤት ሄዶ ነው" እላለሁ። ያን ቀን ጃኬቴ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወርዋሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ቀይ የሆነ ሰውዬ ነው። መሀል ሜዳ ያለች የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። ኳሱን ከመወርወሩ በፊት የሚያኝከውን ማስቲካ በሁለት ጣቱ ከአፉ ያወጣና ያየዋል። አዎ፣ ያየዋል፣ ወርቅ የሚገዛ ሰው ይመስል ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ። ከዛ ከኮፍያው ግንባር ሥር ይለጥፈዋል። ኳሱን ይወረውራል። ወርውሮ ሲጨርስ ያንኑ ማስቲካ፣ ከነአቧራው ከነላቡ፣ ከኮፍያው ላጥ አድርጎ ወደ አፉ ይመልሰዋል።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሲያደርገው ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ኳሱን ነው የሚከተለው። ጎንህ የምትጎሽመው ሰው ከሌለ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ያፍናል። አንድ ሰው "አየኸው ወይ?" ካልተባለ፣ ያየኸው ነገር እዛው አንተ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁና ለልጄ ቴክስት አደረግኩላት።

ልጄ ቺካጎ ነው የምትኖረው። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፣ እኔም ዋይትሆል ሰፈር አንድ መኝታ ቤት ይዤ ለብቻዬ ነኝ። በዛን ጊዜ ከልጄ ጋር የነበረን ወሬ እሁድ እሁድ ይሄ ነበር፤ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "በላህ?" "በላሁ።" "ኦኬ ዳድ።" ከዛ ይዘጋል። ጥፋቱ የኔ ነው።

አባቴ አገር ቤት ያረፈ ጊዜ እሷ የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ ነበረች። ከአባቴ ጋር በጣም ይዋደዱ ነበር። አንድ ሰመር አገር ቤት ወስጃት ካርታ መጫወት አስተማራት፤ ከዛ ወዲህ በድምፅ መልእክት "አጭበርብረሽ ነው ያሸነፍሽኝ" "አንተ ነህ ያጭበረበርከው" ሲባባሉ ዓመታት ቆዩ። እኛ ደግሞ ሞት በስልክ አንናገርም። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዛ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ በጠዋት ሄጄ፣ ቁርሷን አብልቼ፣ በወጉ አረዳታለሁ አልኩ። እስከዛ "አያቴ እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ተኝቷል" እላለሁ። ፈተናው አለቀ፣ የስራ ፍለጋው መጣ፣ እኔ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን የዘመድ ልጅ የአባቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው።

ልጄ ስትደውል አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንግሊዝኛዋን ቀስ አድርጋ "ዳድ፣ አንተ ደህና ነው ስትለኝ እኔ እኮ ድምፅ እየላክሁለት ነበር፤ ለምን አይመልስልኝም እያልኩ" አለችኝ። ከዛ በኋላ እኔ "ደህና" ያልኩትን ነገር አታምንም። ጥያቄዎቿም አጠሩ። የማታምነውን መልስ ምን ብላ ትጠይቅ?

እና ያን ቀን ከስታዲየም "ሰውዬው ማስቲካውን ኮፍያው ላይ ለጥፎ መልሶ በላው" ብዬ ጻፍኩላት። እንደወትሮው ያቺን የአውራ ጣት ምልክት ትልክልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩ ጠራ። ራሷ ነች። በሳምንት መሀል።

"ዳድ፣ ምን አደረገ?"

"ቆይ፣ አሁን እያወጣው ነው። ያየዋል። ለጠፈው። ወረወረ። ያዙለት። አሁን እጁ ወደ ኮፍያው እየሄደ ነው።"

"ኖ።"

"ላጠው።"

"ኖ፣ ዳድ፣ ኖ።"

"በላው።"

ሳቀች። ሳቋ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ያደርገዋል፤ ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ከስራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ስታዲየም ነዳሁ። ጉብታው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ማስቲካ የለው፣ ጢም የለው። ደነገጥኩ። ወንበር የምታሳይ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ አለች፣ በዕድሜ እትዬ የምትባል ዓይነት፣ ወደ እሷ ሄጄ "የትናንቱን ሰውዬ አባረሩት?" አልኳት።

"ኧረ እያረፈ ነው ሆኒ" አለችኝ። "ወርዋሪ አንድ ቀን ከሰራ አምስት ቀን ያርፋል።"

"እኛ ዌርሃውስ አንድ ቀን ሰርቶ አምስት ቀን የሚያርፈው ባለቤቱ ብቻ ነው" አልኳት። ወደደችኝ። በሚቀጥለው ተራው ማስቲካውን በጣቴ ጠቁሜ አሳየኋት። አፏን በእጇ ይዛ "ስንት ዓመት እዚህ ስሰራ አላየሁትም ነበር፤ አሁን ለምን አሳየኸኝ?" አለች።

ከዛ በኋላ ኑሮዬ በሰውዬው ተራ ሆነ። ቡድኑ ከተማ ውስጥ ሲኖር ቀኑን ቆጥሬ እሄዳለሁ፤ ሳይኖር እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ደብተር ገዛሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ነገሩን አጠናሁት። ጨዋታው ሲጠብበት ሁለቴ ያየዋል። ፀሐይ ሲበረታ ማስቲካው ስለሚቀልጥ ከኮፍያው እንደ አይብ ይሳባል። አንዴ አፈር ላይ ወደቀበትና እኔም ልጄም በየስልካችን ትንፋሻችንን ዋጥን፤ አንስቶ እፍ እፍ አለው፣ ወደ አፉ ወረወረው፣ ቀጠለ። "ሆስፒታል ይሄዳል" አለች። "ይሄ ሰውዬ ሆድ ሳይሆን የተሽከርካሪ ጎማ ነው ያለው" አልኳት።

"ዛሬ ስንት?" ትለኛለች። ማስቲካውን ስንት ጊዜ ለጥፎ እንደበላው ቆጥሬ እነግራታለሁ። ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ግን አትዘጋም። ስለ አለቃዋ ትነግረኛለች፣ ላይኛው ፎቅ ስለሚዘሉት ጎረቤቶቿ፣ መንጋጋዋን ስላመማት። ጥርሷን እንዳመማት ከሐኪሟ ቀጥሎ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ሁሉ ከዛ ማስቲካ ውጪ መግቢያ አልነበረኝም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተራው ደርሶ ሄድኩ፤ የለም። ጉብታው ላይ ሌላ ሰው። ተራው ተሳስቶብኝ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ሄድኩ፣ በሦስተኛውም ሄድኩ። ሴትዮዋ ስታየኝ ፊቷን ከበድ አደረገችው። አረዳድ ታውቅበታለች፤ ቆሜ እያለሁ አልነገረችኝም፣ መጀመሪያ አስቀመጠችኝ።

"አሰናበቱት" አለች።

"ወዴት ሄደ?"

"አላውቅም ሆኒ። ቤቱ ይሆናል። እዚህ እንዲህ ነው፣ አንድ ጠዋት ሻንጣህን ያዝ ይሉሃል።"

እዛው እንደተቀመጥኩ ስልኬ ነዘረ። "ዛሬ ስንት?"

"አስራ አራት" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ "ደህና ነው" ብዬ ጨመርኩበት።

ለምን እንደዛ እንዳልኩ ብጠየቅ ያኔ መልስ ነበረኝ፤ ሳምንቷ ከብዷታል፣ በቴክስት አይነገርም፣ መስከረም ላይ ልጠይቃት ስሄድ ፊት ለፊት እነግራታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰውዬውን አኖርኩት። ፈጠራ ላይ ደግሞ ማንም አይደርስብኝም። ጉንፋን አስያዝኩት። ሁለት ማስቲካ በአንድ ጊዜ አስለጠፍኩት። አንዱን ተሳስቶ የጓደኛው ኮፍያ ላይ እንዲለጥፍ አደረግኩ፤ ያን ቀን ልጄ በሳቅ ሞተች። ስታወራኝ የሕዝቡ ጩኸት ከኋላዬ እንዲሰማት ስታዲየም እሄዳለሁ። ሜዳውን ግን አላይም። ሰው ሲያጨበጭብ ስልኩን ከፍ አደርግላታለሁ፤ ስትዘጋ ተነስቼ ወደ ቤቴ እነዳለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማኝ "አሁን ላጠው፣ በላው" እያልኩ ነበር። ጉብታው ላይ ያለውን ሌላ ሰው አየች፣ እኔን አየች፤ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጄ ቴክስት አደረገችልኝ። "ለሰውዬው ንጹህ ማስቲካ ገዝቼለታለሁ፣ አንድ ካርቶን። ባንተ አድራሻ ልኬዋለሁ። ስጠውና ምን እንዳለ ንገረኝ።"

ፎርክሊፍቱን አቆምኩት። የላከችው ለሌለ ሰው ነው፣ እኔ "ደህና ነው" ስላልኳት። ለአያቷ ድምፅ ትልክ እንደነበረው፣ ዳግመኛ። አባቴን የደበቅኩባትን ያህል እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የማስቲካ ጉዳይ ነው። ግን ከሌላ ሰው ብትሰማው የምትለኝን ከአሁኑ ሰማሁት።

በምሳ እረፍቴ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩላት።

"ስራ ላይ ነሽ?"

"አዎ። ምነው?"

"አጠገብሽ ሰው አለ?"

"ዳድ?"

"ቁርስ በልተሻል?"

አማርኛዋ የቱንም ያህል ቢሰባበር እነዚህ ጥያቄዎች ምን እንደሆኑ ታውቃለች። "ማነው?" አለች፣ በአማርኛ። "ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም፣ የኔ ልጅ።"

"አትዋሸኝ። ቁጭ በይ አትበለኝ። አሁን፣ በስልክ፣ ንገረኝ።"

"የማስቲካው ሰውዬ።"

"ሞተ?"

"አልሞተም። አሰናበቱት። ከሦስት ሳምንት በፊት።"

ትንፋሿን ስታወጣ ሰማኋት። "አስደነገጥከኝ እኮ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ከዛ "ሦስት ሳምንት? ጉንፋኑስ?"

"እኔ ነኝ ያስያዝኩት።"

"የጓደኛው ኮፍያስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

አልሳቀችም። "ለምን?" አለች።

ቀልድ ሞልቶኝ ነበር፤ ቢያንስ ሦስት አራቱ ምላሴ ላይ ነበሩ። አንዱም አልወጣ አለ። "ሰውዬው ከሄደ መደወል ታቆሚያለሽ ብዬ ነው" አልኳት።

መኪናው ውስጥ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ነች። አንድ ትራክ ወደ ኋላ እየሄደ ጢጥ ጢጥ ይላል።

"ስታዲየም እየሄድክ ምን ታደርግ ነበር?"

"እቀመጥ ነበር።"

"ከማን ጋር?"

"ለብቻዬ።"

"አስር ደቂቃ ቆይቶ ስብሰባ አለኝ" አለች።

"እሺ፣ ዝጊው በቃ።"

"አልዘጋም። አስር ደቂቃ አለ እኮ እያልኩህ ነው።" ኪቦርድ ስትመታ ይሰማኛል። "ምሳ በልተሃል? እውነቱን።"

"አልበላሁም።"

"እሺ ብላ።"

የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ መብላት ጀመርኩ። እሷ ስራዋን ትሰራለች፣ እኔ እበላለሁ። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

"ዳድ" አለች ቆይታ።

"አቤት።"

"ስታላምጥ በጣም ድምፅ ታሰማለህ።"

"እኔ? ከመቼ ወዲህ?"

"ሁሌም። ከልጅነቴ ጀምሮ። ያስጠላል።"

"ነግረሽኝ አታውቂም እኮ።"

"አሁን ነገርኩህ።"

አፌን ገጥሜ ማላመጤን ቀጠልኩ።