ባል አላገባችም፣ ቁራኛ ግን አጥታ አታውቅም

ወዳጆቼ፣ እስካሁን አላመንኩም። ጠዋት ከጊዮርጊስ ስመለስ አንዲት ጥጥ ሻጭ መንገድ ላይ አስቆመችኝና «አስካለ አረፈች» አለችኝ።

«የቷ አስካለ?»

«አራዳ ስንት አስካለ አላት?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ሐሙስ ዕለት እኮ ገበያ መሃል አይቻታለሁ። እያሳላት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ሽቅብ ስትገሰግስ። «ወዴት ነው?» ብላት እጇን አወናጭፋ አለፈች። እንዲህ የምትገሰግስ ሴት እንዴት ትሞታለች?

ቤቷ ድረስ ሄድኩ። እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። አፍንጮ በር ወረድኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ። የምሄድበት የለኝም፤ እግሬ ግን አላርፍ አለ። እንግዲህ ስለሷ ላውራ፣ ምናልባት ቢለቀኝ።

እትዬ አስካለን ለማታውቋት፦ አራዳ ገበያ ጥጥ ትሸጥ ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት። እንጀራዋ ጥጥ ነው፤ ልቧ ግን ሙግት ላይ ነበር። አንዲት ሴት ተበድላ አፍ ካጣች፣ ጥጧን ለጎረቤት አደራ ብላ ትነሳለች፣ ዳኛ ፊት ትቆምላታለች።

እኔንም ያገኘችኝ እንደዚያው ነው። የባሌ አርባ ሳይወጣ ወንድሙ መጣና «ቤቱ የወንድሜ ነው፤ ልጅ አልወለድሽለት፣ ውጪ» አለኝ። ዕቃዬን ደጅ ጣለው። እንስራዬን አቅፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስነፈርቅ አንዲት ቀጭን ሴት መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ቤቱን ማን ሠራው?» አለችኝ። ምን ሆንሽ እንኳ አላለችም።

«እኔና ባሌ።»

«ጭቃውን ማን ረገጠው?»

«እኔ።»

«ያየ ሰው አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«በይ ተነሺ፣ መንገድ አይናከስም!»

ይቺ ቃሏ ነበረች። ለሁሉም የምትላት። ስንት ሴት በዚች ቃል ከተቀመጠችበት እንደተነሳች እግዜር ይወቀው።

የባሌን ወንድም ውቤ በረሃ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ አገኘነው። እትዬ አስካለ ሰተት ብላ ገባች። «በሕግ አምላክ!» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረች፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ በቁራኛ ታስረው አይደል ዳኛ ፊት የሚቀርቡት?

ሰውዬው ደነገጠ። «ሴት ልጅ እንዴት ከማታውቀው ወንድ ጋር ትቆራኛለች? አታፍሪም?»

«ምን አሳፈረኝ? ባል የለኝ፣ የሚቀናብኝ የለ!»

ጠጅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደታሰሩ ሽቅብ ወደ አራዳ ወጣን። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ እሷ ቀና ብላ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ። ገበያተኛው «አስካለ ባል አገባች!» እያለ ይጮሃል። እሷም «ሰርጉ ዳኛው ዘንድ ነው፣ ምስክር የሆናችሁ ኑ!» ትላለች። መጡም። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ እየቆሙ ጭቃ ስረግጥ ማየታቸውን በመሐላ ተናገሩ። ቤቱ ለኔ ተፈረደ። ይኸው እስከ ዛሬ የማድርበት እሱ ነው።

የዚያን ቀን «ምን ልክፈልሽ?» ብላት ተቆጣችኝ። «ሌላ የተገፋች ስታዪ ዝም አትበይ» ብላኝ ወደ ጥጧ ሄደች።

ሰው ግን አልማራትም። ቆሞ ቀር አሏት፣ ምላሰኛ አሏት። አንድ ጊዜ አንድ ኮርቻ ሠሪ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደህና ሰው፣ ሽማግሌ ላከባት። እኔም እሺ በይ ብዬ ወተወትኳት።

ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ ቤትሽ ሰው ይግባበት» አሏት።

«አባቶቼ፣ ቤቴ ሰው ጠፍቶበት ያውቃል?» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ከሩቅ አገር ለአቤቱታ የመጡ ሦስት ሴቶች ከጓዳ አጮልቀው ያዩ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ለብቻችን ስንሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «ሰውየውን አልጠላሁትም። ደግ ነው። ግን ጠዋት ተነስቼ ማን እንደሚጠራኝ ሳላውቅ መውጣት እወዳለሁ። ሚስት ከሆንኩ ‹ወዴት ነሽ?› እባላለሁ። ክፋት አይደለም፣ ይጠየቃል። እኔ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ የለኝም።»

ያኔ አልገባኝም ነበር። ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስዞር ነው የገባኝ።

አመሻሹ ላይ ተመልሼ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ደጁ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሟል። የማላውቃቸው ሴቶች ከእንጦጦ በኩል፣ ከለገሃር በኩል መጥተዋል። ኮርቻ ሠሪውም ጥግ ይዞ ራሱን ሸፍኖ ተቀምጧል። ግን ሁሉም ግራ ገብቶታል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ለማን ነው «እግዜር ያጥናህ» የሚባለው?

አንዲት አሮጊት ብድግ አሉና አጠገባቸው ያለችውን የማያውቋትን ልጅ ትከሻ ያዙ። «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። ልጅቷ ዞራ እኔን «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። እኔ ለቀጣዩ። እንዲህ እያልን ደጁን ሁሉ ዞርነው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እትዬ፣ ነገ እንሸኝሻለን። አርፈሽ ተኚ እንዳልልሽ፣ እረፍት አትወጂም። እዚያም የፍርድ ወንበር አለ ይላሉ። አንቺ ለሰው እንጂ ለራስሽ ተሟግተሽ አታውቂምና ቃል እንዳያጥርሽ ፈራሁ። ምስክር አለሽ ወይ ካሉሽ፣ እኛን ጥሪ። ብዙ ነን። በይ ደህና ሂጂ፣ እህቴ።