ብልባላ ሄዷል

ትናንት የልጅ ልጄን «ወንድምሽ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል «ላሽ ብሏል» አለችኝ። እኔ የማውቀው ላሽ ጠጉር የሚያረግፍ የራስ በሽታ ነው። ለካስ ውልቅ ብሎ ሄዷል ማለቷ ኖሯል። ባለፈው ደግሞ ወንድሟ «ነፍስ የሆነ ጫማ ገዛሁ» ብሎ መጣ። ነፍስ ያለው ጫማ ለማየት መነጽሬን ባደርግ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ነው። ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። «ላሽ ብሏል» ሲሉኝ ግን አልስቅም። «በእግሩ ነው? ወዴት?» እያልኩ እነዘንዛለሁ፤ እነሱም ጃጀች ይሉኛል። ይበሉ።

ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ላሊበላ የቆሎ ተማሪ ነበር። ተማሪ ቤት የራሱ አፍ አለው። ለልመና ሲወጡ የሚነክሳቸውን ውሻ «አጋፋሪ»፣ ውሃ የበዛበትን ሽሮ «ጠበል» ይሉታል። ለበዓል ወደ መንደራችን ብልባላ ሲመጣ ይህን እያወራ እናቴን እንባዋ እስኪፈስ ያስቃት ነበር። አንድ ቀን የሷንም ወጥ «ጠበል» ቢለው በማማሰያ አባረረችው።

አንድ ክረምት ተማሪዎቹ መሐል ተስቦ ገባ፣ ምስጋናውም ታሟል የሚል ወሬ ገበያ ላይ ደረሰን። አባቴ አህያዋን ባዶዋን አስነሳ፤ ልጁን ጭኖ ሊያመጣ ነው። እኔም ትንሽ ልጅ አልነበርኩምና ተከተልኩት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ገብሱ ገና አላሸተም። እናቴ የጋገረችለትን የገብስ ዳቦ ዝናብ እንዳይነካው በነጠላዬ ቋጥሬ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

ስንደርስ ከተማሪ ቤቱ ጎጆዎች ደጅ አንድ ትልቅ ተማሪ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ በሽተኛ ሲያስታምም የከረመ ነው። አባቴ ቸኩሎ ስለነበር ልጄ ነው እንኳ አላለም።

«ምስጋናው የታለ?»

«ብልባላ ሄዷል።»

«መቼ?»

«አሁን ገና።»

«ቀለል ብሎት ነዋ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ቀለል ብሎታል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሳመ። በወዲያኛው መንገድ ተላልፈን ነው አለና ዳቦውን ለተማሪው ሰጥቶ አህያዋን አዞረ። በመንገድ ያገኘነውን ሁሉ «ደበሎ የለበሰ ልጅ አላያችሁም?» ይላል። ያየ የለም። ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር፤ «እንዲህ ከቀደመን እግሩ ጠንክሯል ማለት ነው» አለኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ ወደ ኋላችን አየችና «ልጄስ?» አለች።

አባቴ ሲነጋ አህያዋን እየነዳ ብቻውን ወደ ላሊበላ ገሰገሰ። ሲደርስ ተቀብሯል። ያ ተማሪ እግሩ ላይ ወድቆ እያለቀሰ ነገረው። ምስጋናው አንድ ቀን ትምህርት ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። የኔታ ቀስቅሰው «የት ሄደህ ነው?» ቢሉት፣ «ብልባላ» አለ። የኔታም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ተማሪ ቤት የተኛ ሰው ሁሉ «ብልባላ ሄደ» ነው የሚባለው። እኛ በሩ ላይ ቆመን ስንጠይቅ ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ ነበር። ስንሄድ ነቅቶ አጠገቡ ላሉት ተማሪዎች «የአባቴን ድምፅ ሰማሁ» ቢላቸው፣ ትኩሳቱ ነው ብለው አስተኙት። በዚያው አረፈ።

አባቴ ባዶዋን አህያ እየነዳ ተመለሰ። ተማሪውን አልረገመም። «ቀልዱ የራሱ የልጄ ነው፤ ማንን ልክሰስ?» አለ። እኔ ግን ረግሜዋለሁ። አውቆ እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ዛሬም አልለቀቀውም።

የልጆቹን አነጋገር ጠልቼ አይደለም። ምስጋናው ቢኖር ከሁላቸው በልጦ ያስቀን ነበር።

ትናንት ሲመሻሽ ላሽ ያለው ልጅ መጣ። «የት ነበርክ?» አልኩት።

«ፍላቂት ከተማ ደርሼ መጣሁ፣ እማማ። እህቴ አልነገረችሽም እንዴ?»

እሺ አልኩት። እጁን ሊታጠብ ሲገባ፣ በር ላይ ያወለቀውን ነፍስ የሆነ ጫማ አነሳሁና ሶሉን ገልብጬ አየሁት። ጭቃ ነበረው።